ወደ ግራ የተጠመዘዘ

«ምሰሶውን ያዢልኝ፣ የኔ ልጅ» አለ አጎቷ፣ ሽቦውን በጥርሱ ነክሶ።

ለለቀስተኛው የተወጠረውን ሸራ ንፋስ ነቅሎታል። ታናሺቱ ያዘች። እህቷ ከተቀበረች ወዲህ ያዢ ሲሏት የምትይዝ፣ ተቀመጪ ሲሏት የምትቀመጥ ሆናለች።

ጎረቤቶች ሻያቸውን እየጠጡ ያንሾካሹካሉ።

«ሴት ልጅ ጠመንጃ ተሸክማ ጫካ ለጫካ። ባሏን ብትጠብቅ አይሻላትም ነበር?»

«የቱን ባል? እሱ እንደሆነ ከሚዳቋ ፈጥኖ ነው የሸሸው።»

ሟች ብትሰማ ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች። እህትማማቾቹ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች ነበሩ፤ ታላቂቱ ከፊት፣ ታናሺቱ ከኋላ። ሌሎቹ ጠባቂዎች የአዳኝ ወጥመድ ሲያገኙ በፒንሳ ቆርጠው ይጥላሉ። ታላቂቱ ግን ጥፍሯ እስኪሰበር በጣቷ ትፈታለች። «የተቆረጠ ሽቦ ዲዳ ነው» ትል ነበር፤ «ስትፈቺው ግን የማን እጅ እንደሆነ ይነግርሻል።» ከዚያ በክብ ጠቅልላ ለአለቃቸው በሚሄደው ጆንያ ውስጥ ትከተዋለች።

የመጨረሻውን ግን ከሞተች ሚዳቋ አንገት ፈትታ ኪሷ ከተተችው።

«ምነው፣ ጆንያው ሞላ?» አለቻት ታናሺቱ።

«ባለቤቱን እኔው አናግረዋለሁ። ለአለቃ እንዳትነግሪ።»

በማግስቱ ብቻዋን ሄደች። ወንዝ ዳር በጥይት ተመትታ ስትገኝ ኪሷ ባዶ ነበር።

«ለመሆኑ» አለ አጎቷ ሽቦውን እያጠበቀ፣ «ከመሞቷ በፊት የነገረችሽ ነገር የለም?» ከቀብር ሲመለሱም ጠይቋታል። ትናንትም፣ ውሃ ሲያቀብላት።

«ምን ትነግረኛለች?»

«እንዲያው ነው። አሳድጌያችሁ ከእኔ የምትደብቁት አይኖርም ብዬ ነው።» ትከሻዋን ቸብ አድርጎ ወደ ሻዩ ሄደ።

ቀና አለች። አጎቷ ያሰረው ቋጠሮ ወደ ግራ ተጠምዝዟል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በሚዳቋዋ አንገት ላይ የነበረው ራሱ። እህቷ ያን ቀን ሽቦውን ጆንያው ውስጥ ለምን እንዳልከተተችው አሁን ገባት። የቤታቸውን እጅ አውቃዋለች።

ምሰሶውን በትከሻዋ ደግፋ መፍታት ጀመረች።

«ኧረ ይወድቅብናል» አለች አንዷ ጎረቤት። «ፒንሳ ላምጣልሽ?»

«አይ። በጣቴ ነው።»

አጎቷ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ፤ አልጠጣም፣ አላስቀመጠም። ጥፍሯ ተሰነጠቀ። ሸራው ከአንድ ጎን ዝቅ አለ።

ሽቦውን እንደ እህቷ በክብ ጠቀለለችው። እጇ ወደ ኪሷ ሄዶ ተመለሰ። የደንብ ልብሷን ለብሳ ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው አለቃዋ ሄደችና መዳፏ ላይ አኖረችላት፤ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደምታስቀምጥ።