አብረው ያልተነሡት ሦስት ማሽኖች

ሐሙስ ጠዋት አዘዞ ባለው መሥሪያ ቤታችን ሥራ የቆመው ኢልሃም አንድ መስመር ትእዛዝ ስለረሳች ነው። መርሳቷን እኔ ከሰኞ ጀምሮ አውቅ ነበር።

ሁለታችንም በአንድ ዓመት ተመርቀን በአንድ ቀን ተቀጠርን። ውጤቴ ከእሷ ይበልጣል። አንድን ሰርቨር ሊኑክስ በሚባለው ሶፍትዌር ከፋፍሎ ማሠራት የሚማር ሰው አዲስ አበባ ይላክ ሲባል ግን አለቃችን አቶ አስናቀው እሷን ላኩ። "ተግባቢ ናት" አሉ። በነጋዴ አባቷ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስታነጋግር ያደገች ልጅ ተግባቢ ብትሆን ምን ይገርማል? እኔ የደጋዋ የመካነ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ካልጠየቁኝ አልናገርም።

በአሥረኛው ቀን ተመለሰች። ማስታወሻዋን ፎቶ ኮፒ አድርጋ ሰጠችኝ።

"አንብቢው የትዬ፣ ብቻዬን እንዳላብድ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች የሚሠሩትን ሁሉ በአንድ ሰርቨር ውስጥ ወደፈጠረቻቸው ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች አዛወረችው፤ አንድ ቤት ለሦስት ተከራይ በግድግዳ እንደሚከፈለው። አቶ አስናቀው ሰርቨሩ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ሰጧት። ቦርሳዋ ላይ አንጠለጠለችው፤ በሄደች ቁጥር ይንቃጨላል። ድምፁን ከኮሪደሩ ማዶ እለየው ነበር።

ሰኞ ከጀርባዋ ቆሜ ሥራዋን አየሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ በራሱ ይነሣል። ውስጡ ያሉት ሦስቱ ግን አብረውት እንዲነሡ አስቀድመው መታዘዝ አለባቸው። አላዘዘቻቸውም። ዝም አልኩ።

ሐሙስ መብራት ሄደ፤ የሰርቨሩ ባትሪም አለቀ። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ ተነሣ፣ ሦስቱ ተኝተው ቀሩ። ባለጉዳይ ኮሪደሩን ሞላው። ኢልሃም ኬብል ትነቅላለች፣ መልሳ ትሰካለች።

"ለዚህ ነው የላክንሽ?" አሏት አቶ አስናቀው፣ በሰው ፊት። ደስ አለኝ።

"እስቲ ተነሺልኝ" ብዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስቱን ለማስነሣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

"ሸጋ። ቁልፉን ለየትነበርሽ ስጫት" ብለው አቶ አስናቀው ወጡ።

ኢልሃም ቁልፉን ከቦርሳዋ ላይ ፈታች። "እንዴት ቶሎ አወቅሽው?"

"ማስታወሻሽ ላይ አለ። አራተኛው ገጽ።"

"እንዳልሠራሁትስ መቼ አየሽ?"

"ሰኞ።"

"ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?"

"አልጠየቅሽኝም።"

ቁልፉን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችው።

"አምስተኛው ገጽ የመጠባበቂያ ቅጂ አወሳሰድ ነው። ገና አልጀመርኩትም፤ ዲስኩ ዛሬ ቢበላሽ የሚተርፍ ነገር የለም። ይኸው፣ ሳትጠይቂኝ ነገርኩሽ።"

ወጣችና በሩን ዘጋችው።