የኛ ዓሣ ወፍሯል

«ሐኪሟ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ሥራዋ የሐይቁን ዓሦች መለካት፣ መመዘንና ሆዳቸውን ቀድዶ ማየት ነው፤ እስከ ዛሬ አንድም ዓሣ አድና አታውቅም። ስም አውጪ ግን መች ይህን ያጣራል!

ዛሬ ጠዋት የቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ረድፍ ዓሣ ተደርድሮ ጠበቃት። አንደኛው መጤው ነው፤ ከሌላ ውሃ አምጥተው ከለቀቁት ወዲህ ሐይቁን የወረሰው ጀርባ ሰፊ። ሌላው አባቷ «የኛ ዓሣ» የሚለው ነባሩ ነው። ክብደቱ ከርዝመቱ ጋር ሲተያይ ነባሩ ደህና ነው፤ እንዲያውም ወፈር ብሏል። ቢላዋዋን ስታሳርፍበት ግን ከሆዱ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነ ረጅም ነጭ ትል እየተተረተረ ወጣ። ከኋላው ሌላ ተከተለ። ትሎቹ ወጥተው ዓሣው እንደገና ሲመዘን የቀረው ባዶ ከረጢት ነው። የመጤው ሆድ ንጹሕ ነበር፤ ይህ ትል እሱን አይዘውም።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ» አለ አለቃዋ፣ ሳይስቅ።

«መድኃኒት የለውም?» መልሱን ታውቀዋለች። ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውንም ይጠይቃል።

«ሐይቅ ክኒን አይውጥልሽም!»

ትሉ ሰውን አይነካም፤ የሚጨርሰው ዓሣውን ነው። የሚራባው ወፍ ሆድ ውስጥ ሲገባ ስለሆነ፣ የያዘውን ዓሣ አቅም አሳጥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ዳር ያወጣዋል። ለወፍ የወጣውን ዘንድሮ አባቷ እየለቀመው ነው። ስንት ዓመት ባዶ መረብ ሲጎትት የኖረ ሰው ጀልባው ሞላለት። «ተመለሱልኝ! ሆዳቸውን አየሽው? ራሳቸው እኮ ናቸው ወደ መረቤ የሚመጡት!» ይላል። በዚሁ ደስታ፣ ከተማ ጋራዥ የሚሠራውን ታናሽ ወንድሟን ሥራህን ልቀቅና ና፣ ጀልባዋ ያንተ ናት እያለ በስልክ መድረሻ አሳጥቶታል። ልጁ ሥራውን ሳይለቅ እውነቱ መነገር አለበት። ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ወላጆቿ ቤት ገሰገሰች።

እናቷ ጓዳ ውስጥ ዓሣ እየሰነጠቀች ነበር። ሐኪሟ አንገቷን አስግጋ አየች። እንጨቱ ላይ የተጋደመው ጀርባ ሰፊው መጤ ነው። የአባቷ ዓሦች ሆዳቸው ተቀድዶ፣ ጋዜጣ ለብሰው ጥግ ያለው ባልዲ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ አይተሽዋል ማለት ነው?»

«የማበስለው እኔ አይደለሁ? ካየሁት ቆየሁ።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «የሚሸጠውን ነጋዴው ሆዱ ሳይከፈት ይጭነዋል። ለቤት ያመጣውን ደፍቼ መጤውን ከገበያ እየገዛሁ አበላዋለሁ። አባትሽ ማጥመድ እንጂ መሰንጠቅ መች ያውቃል!»

«ይነገረው እንጂ!»

«ተነግሮት ምን ሊያደርግ? ሐይቁን ሊያጥበው?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ስንት ዓመት አኩርፎ የኖረ ሰው፣ አሁን እያፏጨ ይነሳል። ተይው ልጄ፣ ሆድ ይፍጀው።»

ራት ቀረበ። አባቷ አንዴ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ ነው ዓሣ! መጤው ይህን ጣዕም ከየት ያመጣዋል?»

እናቷ ጨመረችለት። ሐኪሟ የሆነው ይሁን ብላ ቆረጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር...»

ስልኩ ጮኸ። ወንድሟ ነው። አባቷ ጥቂት ሰማና ስልኩን ወደ እሷ ዘረጋ። «እንኪ፣ አንቺ ንገሪው! እኔን አላመነኝም። የምትመዝኚያቸው አንቺ ነሽ።»

«እህቴ፣» አለ ወንድሟ፣ «ሥራውን ለቀቅኩ። ጠዋት ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ፣ በቦታዬም ሌላ ሰው ገባ። አባዬ መቼም ሲደሰት ያጋንናል፤ አንቺ ግን አትዋሺኝም። እውነት ወፍረዋል?»

እሷ ቢላዋ ይዛ ትሉን ስትጎትት ልጁ ቁልፍ ሲያስረክብ ነበር። ሰዓቱ ያለፈበት እውነት ለማን ይጠቅማል? አባቷ በፈገግታ አፍ አፏን ያያል፤ እናቷ የጓዳው በር ላይ ሽርጧን ጨብጣ ቆማለች።

«መዝኛቸዋለሁ» አለች። «ከአምናው ይከብዳሉ።»

«ሰማህ?» አባቷ ስልኩን ነጠቃት። «ና በቃ! ነገ ጎህ ሲቀድ አብረን ሐይቅ እንገባለን።»