የማይከፈት በር

«ሁለት ጊዜ አንኳኩተናል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ማንም የለም» አለችው የእሳት አደጋ ጥሪ ተቀባይዋ፣ በጀርመንኛ።

«አለ! እንደገና ያንኳኩ!» ቸርነት ጮኸ። ዜባህ የምትኖረውን እህቱን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ጎርፍ ሐዲዱን ስላጥለቀለቀው ወደሚኖርባት ከተማ ወደ ኡስተር የሚመለስበት ባቡር አጥቷል። ማንነቱ እንዳይታወቅ የደወለው ከጣቢያው የሕዝብ ስልክ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአብቫርትነት፣ ማለትም በሕንፃ ተንከባካቢነት፣ የጠበቀው የኡስተር ሕንፃ ከወንዙ ዳር ነው። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ጠዋት ሲወጣ ወንዙን ከድልድዩ በታች ነበር የተወው።

ኬለር በሚሉት ምድር ቤት፣ ከብስክሌቶቹ ጀርባ፣ ፌኔት አለች። የጥገኝነት ጥያቄዋ ውድቅ ሆኖ ፖሊስ ሲፈልጋት ወር ሙሉ የደበቃት እሱ ነው። የእሷ ሞባይል እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አይሠራም።

«ሰው ካለ ለምን አይከፍትም?»

«በጀርመንኛ የሚጠራሽ ካለ ትንፍሽ እንዳትዪ። ‹ቤቶች!› ላለ ብቻ ክፈቺ» ብሎ ፌኔትን ያስጠናት ራሱ ቸርነት ነው። «እሺ ጋሼ፤ ፈረንጅ ‹ቤቶች› ካለማ የዓለም መጨረሻ ደርሷል» ብላ ስቃ ነበር። በብልጠቱ ኮርቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ብልጠት አፈር ይብላ!

«ጌታዬ፣ ውሃው ጉልበት አልፏል። ሰዎቻችንን ልናወጣ ነው።»

«‹ቤቶች!› ብለው ይጩኹ። በሩ ላይ፣ ይህንኑ ቃል ብቻ!»

«ቤ... ምን?»

«ቤ-ቶች!»

በሬዲዮ አስተላለፈችው። ከወዲያ ወፍራም የወንድ ድምፅ «ቤቶሽ! ቤቶሽ!» ሲል ተሰማ። ከዚያ የውሃ መንቦጫረቅ ብቻ። ቸርነት ግንባሩን የስልክ ቤቱ መስተዋት ላይ አስደግፎ አለቀሰ።

ሴትየዋ ከብዙ ቆይታ በኋላ ተመለሰች። «አንዲት ወጣት አውጥተናል። በጣም በርዷታል እንጂ ደህና ናት። ግን ከተከራዮቹ ዝርዝር ውስጥ የለችም። የምድር ቤቱን ቁልፍ መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት ትላለች፤ እዚያ የደረሱት ፖሊሶች አላመኗትም። ለመሆኑ እርስዎ ማን ነዎት?»

ልጅቱ እሱን ለማዳን እንደ ሌባ መታየትን መርጣለች። ጡረታ ሊወጣ አራት ዓመት ቀርቶታል፤ ስልኩን ቢሰቅለው የሚያውቀው የለም። ሊሰቅለው እጁን ዝቅ አደረገ፤ ከዚያ መልሶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ቁልፉን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለ። «ይጻፉ።» ከዚያም ስሙን እስከነአባቱ፣ ፊደል በፊደል አስጻፋት።