ሳይታጠብ

ባጃጁ ገና ሳይቆም ኩርሺዳ ዘላ ወርዳ ወደ ግቢው ሮጠች።

"እንዳታጥቡት! ስለ አላህ፣ ሐኪም ሳያየው ውሃ እንዳታስነኩት!"

የአጣቢዎቹ እጅ ባለበት ቀረ። የገመድ አልጋው ላይ የተጋደመው ታሊም ትናንት ላሞች ገዝቶ ከገበያ ሲመለስ፣ ላም የሚያመልኩ ሂንዱዎች "ላም አራጅ ሙስሊም" ብለው መንገድ ላይ ከጭነት መኪናው አስወርደው በዱላ የገደሉት ልጅ ነው። ፖሊስ ግን መኪና ገጨው ብሏል።

"ደግሞ መጣች!" አሉ የመንደሩ ሹም ሐጂ ኢስራኢል። "አንቺ ሴትዮ፣ ሬሳ የሚጠቁምሽ ጂኒ አለሽ እንዴ?"

"ጂኒ ቢኖረኝማ ሳይገደሉ እደርስላቸው ነበር፣ ሐጂ።"

"መቃብሩ ተቆፍሯል። ከአስር ሶላት በፊት ይግባ። ሌላ ጣጣ አታምጪብን! ደግሞስ የሙስሊም ገላ በቢላ ይቀደዳል?"

ኩርሺዳ ወደ አልጋው ተጠጋች። ዓይኗ የልጁ አባት ሱብራቲ ላይ ነበር። ሱብራቲ አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሳል፤ የልጁን እግር ይሸፍናል፣ መልሶ ይገልጣል።

"ወንድሜ፣ የኔንም ልጅ ሃከምን እንዲሁ ነው የገደሉብኝ። ገላው አይጉላላ ብዬ የዚያኑ ዕለት ቀበርኩት። ዳኛው 'ልጅሽ በምን ሞተ?' አለኝ። በዱላ፣ አልኩ። 'የትኛው ሐኪም አየው?' ሲለኝ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ገዳዮቹ እንደ ጀግና አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን ተንጠልጥሎላቸው በነፃ ወጡ።" የራስ ሻሿን አጥብቃ ያዘች። "ያልተመረመረ ሬሳ ገዳይ የለውም። ለዚህ ነው ለቅሶ በሰማሁበት ሁሉ የምሮጠው። ስንቱ በር ዘግቶብኛል መሰለህ።"

ሱብራቲ ልጁን እያየ፣ "መርፌ እንኳ ይፈራ ነበር" አለ። "ሐኪሞቹ ሲቀድዱት አጠገቡ እሆናለሁ?"

"አያስገቡህም። ደጁ ላይ አብሬህ እቀመጣለሁ።"

"ሱብራቲ!" ሐጂው ጣታቸውን ቀሰሩ። "እሷ ነገ ትሄዳለች። አንተ የምትኖረው ከኛ ጋር ነው፤ ዋ!"

"አውቃለሁ፣ ሐጂ። ጉድጓዱን ግን አትድፈኑት።"

ቢስሚላህ ብሎ የአልጋውን ራስጌ ብቻውን ከፍ አደረገ። ጎረቤቶቹ ተሽቀዳድመው ግርጌውን አነሱና እንደ ልማዳቸው ወደ መስጊዱ ዞሩ። ሱብራቲ ፊቱን ሆስፒታል ወደሚያደርሰው አስፋልት አደረገ። አልጋው በሁለቱ መሃል ተንገዳገደ።

ከዚያ ግርጌው ተከተለው።