ስምንተኛው ዳኛ

ሰባት ዳኛ ማንም አይፈልግም። በእኛ ዘንድ ሰባት ሳህን ምግብ የሚቀርበው ከቀብር መልስ ነው። ስለዚህ ከስምንቱ የቁንጅና ዳኞች አንዱ፣ የጫማ መደብር ባለቤቱ አቶ ላው፣ ውድድሩ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ከደረጃ ወድቀው እግራቸው ሲሰበር፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር አጎቴ ታም መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እግሩ አልነበረም።

«ማን ይተካቸው?» አሉ።

በማግስቱ አቶ ፉንግ መጣ።

የዳኞቹን የሕይወት ታሪክ ለውድድሩ መጽሔት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ስመለስ የቫንኩቨር ቻይና ሰፈር ያገኘልኝ ሥራ ይኸው ነው። አጎቴ ታም በሥጋ አይዛመዱኝም፤ የሰፈሩ ሁሉ አጎት ናቸው። ከመድኃኒት ቤታቸው ጓዳ፣ በደረቅ ሥርና በደረቅ እንሽላሊት መሀል ጠረጴዛ ሰጡኝና «ትንሽ አሳምሪው እንጂ» አሉኝ።

አሳመርኩት። ዶክተር ሁይ የጥርስ ሐኪም ናቸው። «ለሠላሳ ዓመታት የሰፈራችንን ፈገግታ የጠበቁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከተወዳዳሪዎቹ ግማሹ እሳቸው ወንበር ላይ ያለቀሱ መሆናቸውን ተውኩት። ወይዘሮ ዪፕ የኑድል ፋብሪካ አላቸው፤ በ1958 ራሳቸውም ዘውድ ደፍተዋል። የዚያን ዓመት ተወዳዳሪዎች ሦስት ነበሩ፤ አንዷን ኩፍኝ ያዛት፣ ሌላዋ የዳኛ ልጅ ስለነበረች ታገደች። «ያለ ተቀናቃኝ አሸነፉ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አለው?

የፉንግ ቅጽ ግን የሚያሳምር ነገር አልነበረውም። ሥራ፦ ነጋዴ። የትውልድ ቦታ፦ ባዶ። ልምድ፦ በሦስት ከተሞች የቁንጅና ዳኛ። የሦስቱንም ውድድሮች መጽሔት አያይዞልኛል። በሦስቱም ላይ ያው ኮት፣ ያው ፈገግታ። «ስማቸው ብቻውን የሚበቃ»፣ «ለማኅበረሰቡ እንደ አባት የሚታዩ»፣ «ገለጻ የማያስፈልጋቸው» ይላል ከፎቶው ሥር። ይህን ቋንቋ አውቀዋለሁ። ስለ ሰውየው ምንም ሳላውቅ ስቀር የምጽፈው እሱኑ ነው።

ሻይ ቀዳሁለት። በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገና አመሰገነኝ። ጨዋ ነው። ከዚያ የስምንቱን ተወዳዳሪ ልጆች ፎቶ ደርድሮ በእርሳስ ምልክት ያደርግ ጀመር።

«ውጤቱን ከወዲሁ?» አልኩ እየሳቅሁ።

«ኧረ አይደለም! ፓስፖርት ያላቸውን ነው የምለየው። ሽልማቱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ሦስት ወር ሆንግ ኮንግ፣ የፊልም ቀረጻ። እኔው ራሴ ይዣት እሄዳለሁ።» እርሳሱ አንዷ ፎቶ ላይ ቆመ። «ቁጥር ስድስት፣ ፑይሳን፣ እህትሽ ናት አሉኝ። ፓስፖርት አላት?»

«የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም» ልለው ፈልጌ «አላት» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱ ማለቱ ምላሴ ላይ እምቢ አለኝ።

ሲወጣ በመጽሔቶቹ ላይ ወዳሉት ማኅበራት ደወልኩ። የመጀመሪያው ስልክ ተቆርጧል። በሁለተኛው አንዲት የደከማት ሴት አነሳች።

«አቶ ፉንግን ማን ጋበዘው?» አልኳት።

«እኛማ እናንተ የላካችሁት መስሎን!» አለች። «ስለ ልጅቷ ነው የደወልሽው?»

«የቷ ልጅ?»

«ያሸነፈችው፣ ከእሱ ጋር የሄደችው ናታ። እናቷ በየሳምንቱ እዚህ እየመጣች ትቀመጣለች። ባለፈው መስከረም አንድ ፖስት ካርድ መጥቶላታል። የልጄ ጽሕፈት አይደለም ትላለች።»

ሦስተኛው ጋ አልደወልኩም። አጎቴ ታም ጋ ሄድኩ።

ሚዛን ላይ ሥር ይመዝኑ ነበር። «የወይዘሮ ዪፕ ሰው ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ያመጡት ሰው ማነው ብዬ ልጠይቃቸው? እሱን ከምላቸው በጥፊ ብመታቸው ይሻላል።»

ወይዘሮ ዪፕ ደግሞ፦ «የዶክተር ሁይ ወዳጅ ነው እንጂ። ጥርሱን አላየሽውም? እንደ ዕንቁ!»

ዶክተር ሁይ፦ «የታም እንግዳ አይደለም እንዴ? አፍሽን ክፈቺ እስቲ፤ ያ መንጋጋሽ እንዴት ሆነ?»

ተመልሼ ሄጄ «አጎቴ፣ ማንም አላመጣውም» አልኳቸው። ፖስት ካርዱንም ነገርኳቸው። ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«ደግ። እዚያው ይቁም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቤታቸው የገባውን ሰው አያውቁትም ልታሰኚ ነው? ጽሑፉን ጨርሺና ማተሚያ ቤት ውሰጂ።»

ቤት ስደርስ ፑይሳን ጠባብ የሐር ቀሚሷን ለብሳ፣ ጭንቅላቷ ላይ ሳህን አስቀምጣ ኮሪደሩ ላይ ትመላለሳለች። ሁሉንም ነገርኳት።

«እትዬ፣ ቅናት ነው?» አለች ሳህኑን ሳታወርድ። «ላንቺም ዘውድ ቢደፉልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን መነጽርሽ ላይ ይወርዳል።»

«ልጅቷ አልተመለሰችም ነው የምልሽ!»

«እኔም ከዚህ ከወጣሁ አልመለስም፤ እንኳን ሆንግ ኮንግ ደርሼ።»

እናቴ ከወጥ ቤት ሆና «ሽማግሌዎቹ ካመኑት እኛ ማን ነን?» አለች።

እንግዲህ የቀረኝ ብዕሬ ነበር። ከፉንግ ፎቶ ሥር አንድ መስመር ብቻ አስቀመጥኩ፦ «እኚህን ዳኛ ማን እንደጋበዛቸው የሚያውቅ ሰው እባኩን ለአዘጋጆቹ ይንገር።»

የውድድሩ ዕለት፣ እሑድ እኩለ ቀን፣ አዳራሹ ሠላሳ ስምንት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው። የመጽሔቱን ገጽ መጀመሪያ ያገኙት የኋለኞቹ ጠረጴዛዎች ናቸው። ወሬው ወደ ፊት ሲመጣ ይታየኛል፤ የመመገቢያ እንጨቶች አንድ በአንድ ይቆማሉ፣ አንገቶች ይዞራሉ። ፉንግ አነበበው። ቀስ ብሎ ገጹን ገለጠና የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ማንበብ ቀጠለ።

አለቀለት ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልቤ በደስታ ይመታ ነበር።

አጎቴ ታም ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «ወጣቷ ጸሐፊያችን ተሳስታለች» አሉ። «አቶ ፉንግን የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ዪፕ ሽማግሌው ብቻቸውን እንዲዋረዱ አልፈቀዱም። ተነሡ። «እኔም ነኝ! አብረን ነው የጋበዝናቸው።»

«የቆየ ወዳጃችን ናቸው» አሉ ዶክተር ሁይ፤ ወንበራቸው ከኋላቸው ወደቀ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ጠዋት አንድም ዋስ ያልነበረው ሰው እኩለ ቀን ላይ ሦስት ዋስ አገኘ፤ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ፉንግ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ወደ ሦስቱም እጅ ነሣ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

ዳኞቹ ተወዳዳሪዎቹን የሚጠይቁበት ሰዓት ሲደርስ ለፑይሳን የደረሳት እሱ ነው።

«ሦስት ወር ከቤትሽ ብትርቂ ማን ይናፍቅሻል?» አላት።

እህቴ ጅል አይደለችም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲነሡ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስታይ ነበር። ዘውዱን እንዴት እንደምትፈልገው ስለማውቅ የተናገረችው አሁንም ይገርመኛል።

«መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት? መጀመሪያ ያገኙዎት ከሦስቱ የትኛው ናቸው፣ የትስ ነው? ለይቼ ላመሰግናቸው ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ፤ አጎቴ ታም ብቻ ውሃ ፈለጉ። ፉንግም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከእሷ ላይ አላነሣም። «ሦስቱም» አለ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ በጣም ትንሽ ቁጥር ጻፈ። ግራና ቀኙ ያሉት ዳኞች አንገታቸውን አስግገው አዩና እነሱም ጻፉ።

ፑይሳን ሦስተኛ ወጣች። ከመጋረጃው ጀርባ ስደርስ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ ነው። «እትዬ፣ ሲያየኝ እኮ እንደ ሰው አልነበረም። እንደ ዕቃ ነው፣ ክብደቴን እንደሚገምት» አለች። እቅፍ አድርጌያት ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ተረፈች! ሌላ ምንም አልታየኝም።

ያሸነፈችው ተወዳዳሪ ቁጥር ሦስት ነበረች፣ ላይሃ ማክ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። እናቷ በወይዘሮ ዪፕ ፋብሪካ ኑድል ታሽጋለች። ፎቶ ማንሳቱ ሳያልቅ እናትየዋ ሰው እየገፋች መጣችና ክንዴን ያዘች።

«ስለ ዳኞቹ የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉኝ። ደህና ሰው ነው?»

ከትከሻዋ በላይ መድረኩ ይታየኛል። ፉንግ ለልጅቷ ካፖርቷን ከኋላዋ ይዞላታል፤ እጇን ስታስገባ ይጠብቃል።

«አላውቅም፣ እማማ። ማንም አያውቀውም። በሌላ ከተማ ያለች አንዲት እናት—»

«ኪትዪን!» ብለው በስሜ ጠሩኝ ወይዘሮ ዪፕ። መቼ አጠገባችን እንደቆሙ አላየሁም። ፈገግታቸው ሙሉ ነው፤ ጥፍራቸው ግን ክርኔ ውስጥ ገብቷል። «ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ለእንግዶቹ ቀይሪላቸው።»

እናትየዋ አሠሪዋን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ የታመመ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ክንዴን መታ መታ አደረገችኝ።

«እሳቸው ያውቁታል እኮ» አለችኝ በቀስታ። ወደ ወይዘሮ ዪፕም ዞረች። «እሜቴ፣ ማክሰኞ ነው የሚነሡት ተባለ። እዚያ ይበርዳል? ሹራብ ልጨምርላት?»

«አያስፈልጋትም» አሉ ወይዘሮ ዪፕ።