ተሰርዞ ያልጠፋ

ቤጊማይ በናሪን ተራሮች የበረዶ ነብር የምታጠና ሴት ነበረች። በየገደሉ ያሰረቻቸው ካሜራዎች የሚንቀሳቀስ ነገር ባዩ ቁጥር ይቀርጻሉ፤ ነፋስ ያወዛወዘውን ሣር ሳይቀር። አምና በመከር መግቢያ ከአንዱ ገደል የመጡትን ፊልሞች እዚህም እዚያም ቀመስ ቀመስ አድርጋ ስታይ ሣርና ድንጋይ ብቻ ሆነባትና ሁሉንም ሰረዘቻቸው።

ዘንድሮ መከር ሊገባ ሲል ከአለቃዋ ከቶሎጎን ጋር ያንኑ ካሜራ ሊፈቱ ወጡ። ቶሎጎን በዕድሜ ስለሚበልጣት ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ትለዋለች። ከካሜራው ትይዩ ካለ የድንጋይ ክምር ሥር ጎንበስ እንዳለ ቀረና በእጁ ጠራት። ጠባብ ዋሻ ነው። ወለሉ ላይ የነብር ጸጉር ተነጥፏል፤ ደቦሎች የጋጡት የፍየል አጥንት ዳር ዳሩን ተበትኗል። ሁለቱም በሥራ ዘመናቸው የወለደች ነብር ማደሪያ አይተው አያውቁም።

«ይሄ ካሜራ አምና ምን አሳየሽ?»

«ሣር፣ ባይኬ።»

«እስቲ ሣሩን አሳዪኝ።»

«ሰርዤዋለሁ።»

«ሚስቴ እኮ የተቀደደ ካልሲዬን እንኳ የምትጥለው ጠይቃኝ ነው» አለና ካሜራውን ፈትቶ ቁልቁል ወደ ከተማ መንገድ ጀመረ። ቀልዱ አንገበገባት።

የቢሮው ኮምፒውተር የያዘውን ሁሉ ቅጂ ሩቅ አገር ያለ ድርጅት እንደሚያስቀምጥላቸው ታውቃለች። ግን እሷ የሰረዘችውን እነሱስ ምን ብለው ያቆዩታል? ጽፋ ጠየቀቻቸው። የተሰረዘ ፋይል ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት እንደሚቆይ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እነሱም ሊያገኙት እንደማይችሉ መለሱላት። ዓመቱ ሊሞላ የቀረው ሳምንት አይሞላም።

ወዲያው እንዲልኩላት ጠየቀቻቸው፤ በቢሮው ደካማ ኢንተርኔት ፊልሞቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ቶሎጎን ደረቅ አይብ እያኘከ አጠገቧ ተቀመጠ። ሣር መጣ። ድንጋይ መጣ። አንዱን ፊልም አምና እንዳየችው ትዝ አላት፤ አሁን ግን የዋሻውን አፍ ስለምታውቅ ዓይኗን እዚያው ላይ ተከለች። ከክምሩ ሥር ያለው ግራጫ ድንጋይ ይተነፍሳል።

ድንጋዩ ተነሣና ተንጠራራ። ከሆዱ ሥር ሦስት ደቦሎች እየተንከባለሉ ወጡ፤ አንዱ የእናቱን ጅራት ነክሶ ይጎትታል።

ቶሎጎን ቆቡን አወለቀ። «እዚያው ነበረች» አለ በሹክሹክታ።

ቤጊማይ ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ይህቺ እናት፣ እስትንፋሷም ልጆቿም፣ ሰው ሁሉ ትቷት ሳለ በማታውቀው አገር ማሽን ውስጥ ዓመት ሙሉ ተቀምጣለች፤ ማሽኑም ምን እንደያዘ አያውቅም። ይህን ስታስብ ቤጊማይን ውርር አደረጋት።

ፊልሞቹን ሦስት ቦታ ገለበጠቻቸው። ከዚያ ለገደሉ እረኞች አሳዩአቸውና እናቲቱ እንዳትረበሽ በሚመጣው ጸደይ መንጋቸውን በሌላ በኩል እንዲያወጡ ለመኗቸው። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ሻሿን አስተካክላ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለችና፣ «መንጋችን በሌላ በኩል ይወጣል። አንቺ ብቻ እንደገና አሳዪኝ» አለቻት።