ንግሥት ሐመልማለ ወርቅ ቤተ መንግሥቷን ስለ ማፍረሷ

በሰፊ ምድር ላይ የሚኖር ሰው መከራ ቢመጣበት ወደ ሌላ አገር ይሰደዳል፤ በደሴት የሚኖር ሕዝብ ግን ዙሪያውን ባሕር ከብቦታልና የሚሰደድበት የለውም፤ ስለዚህ፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ጽናትን መማር የሚወድ ሁሉ የደሴት ሰዎችን ኑሮ ቢመረምር ይጠቀማል።

መርሶ በምትባል የደሴት መንግሥት በጋው በሰሜን ነፋስ ደርቆ ይከርማል፥ ክረምቱም ከደቡብ ባሕር ጥቁር ደመናና ብርቱ ዝናም ይዞ ይገባል፤ ሁለቱ ነፋሳት በሚለዋወጡበት ወራት ግን ዐውሎ እየተነሣ ባሕሩን ወደ ቆላው ይነዳዋል። በአንድ ዘመን እንዲህ ያለ ማዕበል የዓሣ አጥማጆችን መንደር ጠራርጎ ወሰደ፤ ሞግዚቷን ልትጠይቅ ወደዚያ ወርዳ የነበረችው የንግሥት ሐመልማለ ወርቅ አንዲት ልጅም ከመንደርተኛው ጋር ሰጠመች። ንግሥቲቱ ልጇን ከሕዝቡ ሙታን ጎን ቀብራ፥ መሪር ልቅሶ አልቅሳ፥ ሐዘኑ እንደ ወጣ መኳንንቱን ሰብስባ፥ በደሴቲቱ ውኃ የማይደርስበት ከፍተኛ ስፍራ ቤተ መንግሥቱ ያለበት አምባ ብቻ ስለ ሆነ፥ ቤተ መንግሥቱ ፈርሶ በድንጋዩ ሕዝቡን ሁሉ የሚያስጠልል ጽኑ አዳራሽ እንዲታነጽ አዘዘች።

ታናሽ ወንድሟ ልዑል አክሊለ ብርሃን ተቆጥቶ ተነሣ። «ንግሥት ሆይ፥ አባቶቻችን የነገሡበትን አዳራሽ የዓሣ አጥማጅ መጠለያ ያደርጉታልን? ከእንግዲህስ ማን ይፈራናል?»

«ወንድሜ፥ መፈራትስ ተፈርተን ነበር፤ ባሕሩ ግን አልፈራንም። ልጄ የሞተችው የምትሸሽበት አጥታ ነው» አለችው።

ልዑሉ ተቀይሞ በባሕር ዳር ወዳለው ርስቱ ወረደ፤ እርሷም በድንኳን እያደረች፥ ከግንበኞች ጋር ድንጋይ እያቀበለች፥ እጇ እስኪላጥ ደከመች። ክረምቱ እስኪያልፍ እንረፍ ያሏትን፥ «የደከመው በሌላ ይለወጥ እንጂ ሥራው አይቆምም» እያለች አበረታቻቸው።

ነፋሳቱ በሚለዋወጡበት ወራት፥ ጣራው እንደ ተከደነ፥ በአንድ ማለዳ ሰማዩ እንደ መዳብ ቀላ፥ ባሕሩም አጓራ። ቀንደ መለከት ተነፍቶ ሕዝቡ ሁሉ ሕፃናቱንና ድውያኑን ተሸክሞ ወደ አምባው ወጣ፤ ልዑሉ ግን በሩን ዘግቶ ቀረ። የዘበኞቹ አለቃ፥ «ግርማዊት ሆይ፥ እኔ ልውረድ» ቢል፥ «የተቀየመው እኔን ነው፤ የምወርደውም እኔ ነኝ» ብላ ወገቧን በገመድ አሰረች፤ ባለፈው ማዕበል ልጆቻቸውን ያጡ ዓሣ አጥማጆችም ጫፉን ያዙላት። ዝናሙ ፊቷን እየገረፈ፥ ውኃው ከጉልበቷ እያለፈ ወርዳ፥ ስሙን እየጠራች የልዑሉን በር መታች።

«ሊያዙኝ መጡን?» አለ ልዑሉ ከውስጥ።

«ልለምንህ መጣሁ። ልጄን ቀብሬአለሁ፤ አንተን ለመቅበር ግን አቅም የለኝም።»

ያን ጊዜ መዝጊያው ተከፈተ፤ እኅትና ወንድም ተቃቅፈው፥ ዓሣ አጥማጆቹ ገመዱን እየሳቡላቸው አምባው ላይ ሲደርሱ የልዑሉ ቤት ከኋላቸው ተናደ። ልጁን ባሕር የወሰደበት አንድ ሽማግሌ ደረቅ ጋቢውን አውልቆ ለልዑሉ ደረበለት፤ ልዑሉም ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ዐውሎው ባለፈ ጊዜ በቆላው አንድ ጎጆ እንኳ ቆሞ አልተገኘም፤ ከሕዝቡ ግን አንድ ነፍስ አልጠፋም፤ ልዑሉም ለሽማግሌው ጎጆ የሚሆነውን ምሰሶ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ወረደ። ነፋስን የመግታት ሥልጣን ለሰው አልተሰጠውም፤ ነፋሱ ሳይደርስ ለባልንጀራው መጠጊያ የማዘጋጀት ሥልጣን ግን ከማንም አልተነፈገም።